ፎቶው ከየት መጣ?

አንድ የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስለ ጮቄ ተራራ ለማንበብ አማርኛውን ውክፔዲያ ይከፍታል እንበል። ጽሑፉ ይመጣል፤ ፎቶውም ይከተላል። ብዙ ሰው ፎቶው ገጹ ላይ እንደ ቴምብር የተለጠፈ ይመስለዋል።

አይደለም። ገጹ የያዘው የፎቶውን አድራሻ ነው። ስልኩ ያንን ይዞ ፎቶው ያለበትን ሰርቨር ደጅ ያንኳኳል፤ ሲያንኳኳም ሳይጠየቅ ይናገራል፦ የአይፒ አድራሻውን፣ የስልኩንና የብራውዘሩን ዓይነት፣ ብዙ ጊዜም ከየትኛው ድረ ገጽ እንደመጣ። ሰዓቱን ሰርቨሩ ራሱ ይመዘግባል። ሰርቨሩ የሌላ ሰው ከሆነ ይህን ሁሉ የሚያውቀው ያ ሰው ነው፤ አንባቢው ግን ስሙን እንኳ አልሰማም። ባለ ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ገጽ የተለየ የፋይል ስም ከሰጠ ደግሞ የትኛው ገጽ እንደተነበበ ይለያል። ምስሉ መታየት እንኳ የለበትም፤ ነጭ ገጽ ላይ ያለች አንዲት ነጭ ነጥብ ትበቃለች።

«ከሺህ አንባቢ መካከል እኔን ማን ይለየኛል?» የሚል ሰው አማርኛ አንባቢ መሆኑን ረስቷል። በገበያ ቀን ማርቆስ የገባ ሰው በሕዝቡ መካከል ይጠፋል፤ ገበያ በሌለበት ቀን የመጣውን ግን ባለሱቁ ሁሉ ያየዋል። ስለ አንዲት የጎጃም ወረዳ የተጻፈ ገጽ በቀን ጥቂት አንባቢ ብቻ ሊኖረው ይችላል። በሞባይል ዳታ ብዙ ደንበኞች አንድ አይፒ ሊጋሩ መቻላቸው እውነት ነው፤ ሰዓቱና የስልኩ ዓይነት ሲጨመሩበት ግን ተጠርጣሪው ያንሳል።

ውክፔዲያ ይህን በር የዘጋው ቀድሞ ነው። ፎቶዎቹ በአብዛኛው የሚመጡት የራሱ ድርጅት የፋይል ማከማቻ ከሆነውና እ.ኤ.አ. በ2004 ከተከፈተው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ነው፤ ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በላይ ፋይሎች አሉት። ሚዲያዊኪ የተባለው ሶፍትዌርም የውጭ ፎቶን ሊንክ አድርጎ እንጂ ምስል አድርጎ አያሳይም፤ የድረ ገጹ ባለቤት ፈልጎ ካልከፈተው በቀር። ጂሜይል እንኳ በኢሜይል የሚመጡ ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ማሳለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር።

ስለዚህ «ቦታ እንዳይፈጅ» እያሉ የሌላውን ፎቶ ሊንክ በትምህርት ቤት ወይም በማኅበር ገጽ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች ሊታረሙ ይገባል። የቆጠቡት ጥቂት ኪሎባይት ነው፤ አሳልፈው የሰጡት ግን የአንባቢያቸውን ገመና ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የሙኒክ ፍርድ ቤት የጎብኚውን አይፒ ያለ ፈቃዱ ለጉግል ያሳለፈ ድረ ገጽ ባለቤት ለጎብኚው 100 ዩሮ እንዲከፍል ወስኗል፤ መንገዱ ያው ነው፣ ያኔ የተጠራው ፎቶ ሳይሆን የፊደል ቅርጽ መሆኑ ብቻ ይለያል። ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች።

የጮቄን ፎቶ በስልኩ ያነሳ ሰው ኮመንስ ላይ በአማርኛ ስም ማስቀመጥ ይችላል። ስልኩ ፎቶው የተነሳበትን ቦታ ፋይሉ ውስጥ ጽፎት ሊሆን ይችላል፤ ለተራራው ይጠቅማል፣ ይቆይ። ከቤቱ ደጃፍ የተነሳ ከሆነ ግን ከመጫኑ በፊት ያጥፋው።