ጥንቸልን ስለ ማኖርና ስለ መመገብ

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ጥንቸል ከማይበሉት እንስሶች መካከል ተቈጥሯል፤ ስለዚህ በአገራችን ብዙ ሰው ሥጋውን አይበላም። በቂርቆስ ወይም በካዛንችስ ጥንቸል የሚያሳድግ ልጅም ከእርሱ ወተት ወይም እንቍላል አያገኝም፤ የሚያገኘው ወዳጅነቱን ብቻ ነው። ትርፍ የማይሰጥ ፍጡርን መጠበቅ የሰውን ልብ ይፈትናልና፥ አጠባበቁን ማወቅ ይገባል።

ካዛንችስ ስሙን ያገኘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩ ቤቶች ነው። ለሰው ቤት የሚሠራ ሰው ዝናቡንና ብርዱን እንደሚያስብ፥ ለጥንቸልም እንዲሁ ሊታሰብለት ይገባል። ጥንቸል ደረቅ ብርድን ይችላል፤ እርጥበትንና ጽኑ ሙቀትን ግን አይችልም። ስለዚህ ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ይሠራ። ጣራው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ፀሐይ ያግለዋልና ከሥሩ ሳንቃ ይደረግበት። የሽቦ ወለል እግሩን ያቈስለዋል፤ ስለዚህ በሳንቃ ላይ ጭድ ይጐዝጐዝለት፤ የረጠበውም ዕለት ዕለት ይለወጥ። ፊቱ ድመትና አይጥ በማያሳልፍ፥ ዐይኑ ጠባብ በሆነ ሽቦ ይዘጋ። ደግሞም ቤቱ እስር ቤት እንዳይሆንበት በየቀኑ አውጥቶ ማስሮጥ ያስፈልጋል።

የጥንቸል ጥርስ ዕድሜውን ሁሉ ማደጉን አይተውም፤ የሚሞርደውም ድርቆሽ ነው። ሆዱም ያለ ድርቆሽ ሥራውን ይታወካል። ስለዚህ ድርቆሽና ንጹሕ ውሃ ቀንም ሌሊትም ከፊቱ አይታጡ። ጎመንና ሰላጣ ታጥቦ በልክ ይሰጠው፤ ካሮት ጣፋጭ ስለ ሆነ ቍራሽ ይበቃዋል። እንጀራና ዳቦ ሆዱን ያውኩታል፤ ሽንኩርት፥ የድንች ቅጠልና አቮካዶ መርዝ ይሆኑበታል። በበዓል ተጐዝጕዞ የተረገጠ ቄጤማም አይሰጠው። ከራሱ በጠጥ ለስላሳውን ሲበላ ብታዩት አትከልክሉት፤ ምግቡን ሁለተኛ የሚፈጨው እንዲህ ነውና።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ይህ ተረት ለሰው ይጠቅማል፤ የጥንቸል ዝምታ ግን አደጋ አለበት። አራዊት የሚያድኑት ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ድካሙን እንዳያውቁበት ሕመሙን ይሰውራል። እንግዲህ ግማሽ ቀን ሳይበላ ቢውል፥ በጠጡም ቢቋረጥ፥ ነገ ይሻለዋል ሳትሉ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

ልጆች ሆይ፥ ጥንቸል በደኅና ቢያዝ ከ8 እስከ 10 ዓመት ሊኖር ይችላል። ለአንድ ሳምንት መውደድ ለማንም አይከብድም፤ ታማኝ ጠባቂ ግን በክረምት ጧት ደረቅ ጭድ ይዞ በመውጣቱ ይታወቃል።