የሆድ ራጅ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከስናን፣ ከማቻከል ወይም ከአነደድ ሆዱን ይዞ ደብረ ማርቆስ ከሚገባው ሰው መካከል አንዱ ለከረመ ቃር «ራጅ ካልተነሳሁ አልመለስም» ይላል። ሌላው ሆዱ ተወጥሮ መተንፈስ እያቃተው «ይለቀኛል» ብሎ ከቤቱ ይሰነብታል። ሁለቱም ተሳስተዋል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ነው።

ተረት፦ «ነፍቶኝ እንጂ ሌላ የለብኝም፤ ኮሶ ብጠጣ ወይም አረቄ ብቀምስ ይፈታኛል።»

እውነት፦ በኢትዮጵያ ደጋ «አንጀቱ ታጠፈ» የሚባለው የአንጀት መጠምዘዝ ብርቅ በሽታ አይደለም። በአገራችን ሆስፒታሎች አንጀት ተዘግቶባቸው ለቀዶ ሕክምና ከሚገቡ ሰዎች ብዙዎቹ ይህ የደረሰባቸው ናቸው፤ ከሴት ይልቅ ወንዱን ያጠቃል። የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል ከልክ በላይ ሲረዝም በራሱ ላይ ይዞራል። አየሩና ሰገራው መውጫ ያጣሉ፣ የደም ሥሩም አብሮ ይታነቃል። ደጋው ለምን እንደሚብስበት ሲጠየቁ ሐኪሞች ፋይበር የበዛበትን ምግብ ያነሳሉ። የቦታውን ከፍታም ይጠረጥራሉ፤ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከፍ ባለ ቦታም የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በአንጀት ውስጥ ያለው ጋዝ ይሰፋል። በፔሩና በቦሊቪያ ተራሮች የሚኖሩ ገበሬዎችም በዚሁ በሽታ ይታወቃሉ።

የሆድ ራጅ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የተጠመዘዘውና በአየር የተወጠረው አንጀት ፊልሙ ላይ መሐሉ የተሰመረ ትልቅ የቡና ፍሬ መስሎ ይወጣል። በዓለም ያሉ ሐኪሞችም ምልክቱን በዚሁ በቡና ፍሬ ይጠሩታል። በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ምርመራ የሰውዬውን ዕድል ይወስናል፦ አንጀቱ ገና በሕይወት ካለ በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ቱቦ አየሩ ወጥቶ መዞሩ ሊፈታ ይችላል፤ ከሞተ ግን ቆርጦ ማውጣት ግድ ይሆናል። በቱቦ የተነፈሰለት ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ለቀዶ ሕክምና የተሰጠውን ቀጠሮ መኸሩ እስኪገባ ሲያሳልፍ ማየት ያሳዝናል፤ ያው አንጀት መልሶ የመጠምዘዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነውና።

ስለዚህ ሆድ ተነፍቶ፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ካለ፣ ቁርጠትና ትውከት ከተከተለ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። በአፍ ምንም አይሰጥ። ኮሶ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ስለሆነ መውጫ ያጣውን አንጀት ይብስ ያስጨንቀዋል፤ ሆድ ማሸትም የሳሳውን አንጀት ሊቀደው ይችላል። ጸበል ለመጠጣትም ቢሆን ሐኪም እስኪፈቅድ መቆየት ይገባል።

ተረት፦ «ራጅ የሆድን ነገር ሁሉ ያሳያል።»

እውነት፦ አጥንት፣ አየር፣ ብረትና አንዳንድ ጠጠር ያሳያል። የጨጓራ ሕመምን፣ አሜባንና ጃርዲያን አያሳይም። ለእነዚህ የሰገራ ምርመራ፣ ሲያስፈልግም ኤንዶስኮፒ አለ። የሐሞት ጠጠርን አልትራሳውንድ ይሻለዋል። ትርፍ አንጀትንም ሐኪሙ በእጁ ዳብሶና በአልትራሳውንድ አይቶ ነው ብዙውን ጊዜ የሚደርስበት። ራጅ ያላዘዘ ሐኪም ንቆኝ ነው ማለት ተገቢ አይደለም። «ራጁ ደህና ነው» መባልም ሰውየው ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ሕመሙ ከባሰ ሳይውሉ ሳያድሩ መመለስ ነው።

«ሆዴን አመመኝ ስላቸው ደረቴን አነሱኝ» የሚል ቅሬታም ይሰማል። ስህተት አይደለም። ጨጓራ ወይም አንጀት ሲበሳ የሚያመልጠው አየር ቆሞ በተነሳ የደረት ራጅ ከሳንባ በታች ተጠራቅሞ ይታያል።

ተረት፦ «ጨረሩ ሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ያመክናል፤ ወተት ካልጠጡበት አይወጣም።»

እውነት፦ መሣሪያው ሲጠፋ ጨረሩም ያበቃል፤ በወተት የሚታጠብ ነገር የለም። የአንድ የሆድ ራጅ ጨረር በአማካይ 0.7 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ገደማ ነው። ሰው ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በተፈጥሮ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ስለሚያገኝ፣ ይህ የሦስት ወይም የአራት ወር ያህል ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ከዚህ አሥር እጥፍ ያህል ይደርሳል። መጠኑ ማንንም አያመክንም፤ ቢሆንም ያለ ምክንያት መደጋገም አያስፈልግም። የምታጠባ እናት ጡት ማቋረጥ የለባትም።

እርጉዝ የሆነች፣ ወይም የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ግን ከመነሳቷ በፊት ለባለሙያው ትናገር። ባሏ ወይም አማቷ አጠገቧ ስላሉ ማፈር የለባትም፤ ለብቻዋ ልታናግረው ትችላለች። ሳታውቅ የተነሳች ካለችም አትደንግጥ፤ የአንድ ራጅ ጨረር ለፅንስ የአካል ጉድለት ከሚያሰጋው መጠን እጅግ ያነሰ ነው። ፅንሱን ለማውረድ ምክንያት አይሆንም።

ተረት፦ «ራጅ ክፍል ማተብ ያስበጥሳሉ።»

እውነት፦ ክሩ ፊልም አያበላሽም። ሆድ ላይ የሚወርድ የብር መስቀል፣ የቀበቶ ዘለበትና ኪስ ውስጥ ያለ ሳንቲም ግን ነጭ ሆነው ይወጡና የሚፈለገውን ይሸፍናሉ። መስቀሉን ከሚነሳው የአካል ክፍል ማራቅ ይበቃል። ከዚያ ባለሙያው «ትንፋሽ ያዝ» ሲል ሳይንቀሳቀሱ መያዝ ነው፤ የተንቀሳቀሰ ሰው ምስሉ ይደበዝዝና ሌላ ጨረር ተጨምሮበት ደግሞ ይነሳል። ከጤና ጣቢያ የተላከም ቀደም ሲል የተነሳው ፊልም ካለው ይዞ ይምጣ፤ ሐኪሙ ሁለቱን አስተያይቶ ሆዱ እየባሰ ወይም እየቀለለው መሆኑን ያውቃል።