ሰፈር ያወጣውን ውሃ ማን ይጠብቀዋል?

ለከተማ ምክር ቤት ከሚቀርቡት ጉዳዮች መካከል ቀላል መስሎ የሚከብደው አንዱ የሰፈር ውሃ ነው። የከተማው ቧንቧ ያልደረሳቸው ወይም በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣላቸው ነዋሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ጥልቅ ጉድጓድ ለማስቆፈር፥ ውሃውንም በየግቢያቸው ለማስገባት ያመለክታሉ። ምክር ቤቱ ምን ብሎ ሊመልስላቸው ይገባል?

ለምሳሌ ያህል ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን አምበርን እናንሣና ማመልከቻው በዚያ ቀረበ እንበል። ሙጋንና ጨሞጋን የመሰሉ ወንዞች ከጮቄ ተራራ በሚወርዱበት አገር ስለ ውሃ እጥረት መናገር ለሩቅ ሰው እንግዳ ይመስለው ይሆናል። ወንዙ ግን ሸለቆውን ይዞ ወደ ዓባይ ይወርዳል እንጂ ዳገት ወጥቶ እንስራ አይሞላም። ስለዚህ አመልካቾቹን ቅንጦት ፈላጊዎች ናቸው ብሎ መገመት አይገባም። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለትናንሽ ከተሞች የተወሰነው መጠን ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር፥ ርቀቱም ከ250 ሜትር የማይበልጥ ነበር፤ ይህን ያላገኘ ሰው የራሱን ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል?

በመጀመሪያ የውሃው ባለቤት ማን ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1228 በውሃ ለመጠቀም ቅድሚያው የማኅበረሰቡ መሆኑን ደንግጎአል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ደግሞ የአገሪቱ ውሃ፥ ከምድር በላይ ያለውም በታች ያለውም፥ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው ይላል። በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አያስፈልግም፤ በመሣሪያ ተቆፍሮ ለሌሎች ለሚከፋፈለው ግን ያስፈልጋል። እንግዲህ ሰፈሩ ገንዘቡን ያወጣው ለጉድጓዱ፥ ለፓምፑና ለቧንቧው ነው፤ ውሃውን አልገዛም። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አያስተውለውም።

የከርሰ ምድር ውሃ አጥር አያውቅም። ጥልቁ ጉድጓድ በፓምፕ ቀንና ሌሊት ሲሳብ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል ዝቅ ይላል፤ ከአጥሩ ውጭ በእጅ የተቆፈረው ጉድጓድ ከዚያው ምንጭ የሚመገብ እንደ ሆነ በበጋ ሊደርቅ ይችላል። የዚያ ጉድጓድ ባለቤት የሆነችው ጐረቤት መዋጮውን ያልከፈለችው ስለ ሌላት ይሆናል፤ በምክር ቤቱም ስብሰባ አልተገኘችም። ስለ እርስዋ የሚናገር ቢኖር ማመልከቻውን በእጁ የያዘው ጸሓፊ ወይም መሐንዲስ ነው፤ ይኸውም ከእናንተ ከአንባብያን አንዱ ነው።

ሌላው ነገር ንጽሕናው ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1854 በሎንዶን በብሮድ ስትሪት አካባቢ ኮሌራ ገብቶ ከ600 ሰው በላይ ፈጀ። ዶክተር ጆን ስኖው የሟቾቹን አድራሻ ቢከታተል፥ ብዙዎቹ ከአንድ የመንገድ ፓምፕ የቀዱ ሆነው አገኛቸው። የአጥቢያው የሹማምንት ጉባኤም ይህን ሰምቶ የፓምፑን እጀታ አስነቀለ። ኋላ ሲመረመር አንድ የቆሻሻ ጉድጓድ ከውሃው ጉድጓድ አንድ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ተገኘ። የሚያስገርመው ውሃው በጣዕሙ የተመሰገነ መሆኑ ነው፤ ከሰፈሩ ለቅቀው የሄዱ አንዲት ሴት እንኳ ጣዕሙን ወድደው ከሩቅ እያስቀዱ ሲጠጡ በዚያው ሞቱ። በአንጻሩ በዚያው አቅራቢያ የነበረው የድሆች መጠለያ የራሱ ጉድጓድ ስለ ነበረው ከ535 ነዋሪዎቹ የሞቱት 5 ብቻ ናቸው። የግል ጉድጓድ እንግዲህ ሊያድንም ሊገድልም ይችላል፤ የትኛው እንደ ሆነ በምላስ አይለይም፥ በላቦራቶሪ እንጂ።

በሌላ ወገን ሰፈሩ የደከመበትን ነጥቆ መውሰድም ስሕተት ነው። በቦሊቪያ በኮቻባምባ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1999 የውሃው አገልግሎት ለአንድ የግል ኩባንያ ሲሰጥ፥ በገዛ ጕልበታቸው ጉድጓድ ያወጡ ሰፈሮች «የእኛም ሊወሰድ ነው» ብለው ከሌላው ሕዝብ ጋር ተነሡ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሚያዝያ ወር ውሉ ፈረሰ።

የመቆፈሪያ ፈቃዱን የሚሰጠው የውሃው መሥሪያ ቤት ቢሆንም፥ ቦታውንና ቧንቧው የሚያቋርጠውን መንገድ የሚፈቅደው ከተማው ነው። ስለዚህ ምክር ቤቱ ቧንቧው ሳይቀበር በፊት ሊጠይቅ ይችላል። መጸዳጃ ቤቶቹ ከጉድጓዱ ምን ያህል ይርቃሉ? ውሃው በየስንት ጊዜ ይመረመራል? ምን ያህል እንደሚሳብ የሚያሳይ ቆጣሪ አለውን? መዋጮ ላልቻሉት ከአጥሩ ውጭ አንድ ቦኖ ይቆማልን፥ ዋጋውስ ስንት ነው? በጎጃም በባህላዊ መስኖ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ተራ የሚያስከብር የውሃ አባት ይመርጣሉ፤ ሰፈሩም እንዲሁ በስም የሚጠየቅ ሰው ይሰይም። ፓምፑ በተቃጠለ ጊዜ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፥ የከተማው ቧንቧ በደረሰ ጊዜም ጉድጓዱ ወደ ከተማው መሥመር ይገባ ወይም በመጠባበቂያነት ይቀመጥ እንደ ሆነ፥ በዚያው የስምምነት ወረቀት ላይ ይጻፍ።