ከጀሞ እስከ ሜክሲኮ አብሮን የተጓዘ ድምፅ

ባለፈው ሰሞን በማለዳ ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍረን ስንጓዝ፣ ሾፌሩ በሙዚቃ ፈንታ የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ትረካ ከፍቶ ነበር። መካኒሳ ስንደርስ የመኪናው ብዛት መንገዱን ዘጋው፤ ይሁን እንጂ እንደ ወትሮው ያጉረመረመ አልነበረም። ደብተሩን በጉልበቱ ላይ ያስቀመጠ አንድ ተማሪ «የሚያነበው ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሾፌሩ ሳያመነታ «ጉዱ ካሣ ነዋ!» ሲል መለሰለት። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኛም ሳቅን። ቆይተን ስናስበው ግን፣ ሾፌሩ ሳያውቀው ለተዋናዩ ትልቅ ምስጋና መስጠቱ ነበር።

አንባቢው አቶ ወጋየሁ ንጋቱ ናቸው። ከአቶ ደበበ እሸቱ ጋር ወደ ሃንጋሪ ተልከው የቴአትርን ሙያ የተማሩ፣ ተመልሰውም በአዲስ አበባ መድረኮች ስመ ጥር የሆኑ፣ በ1982 ዓ.ም. ያረፉ ተዋናይ ነበሩ። የመድረክ ሥራ ከመጋረጃው ጋር አብሮ የሚዘጋ ነው። አቶ ደበበ በ1965 ዓ.ም. በወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም ስለ ተጫወቱ፣ የወጣትነት መልካቸውን ዛሬም ማየት ይቻላል። አቶ ወጋየሁን ግን ከእኛ መካከል ብዙው ሰው የሚያውቃቸው በጆሮው ነው።

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ሲሆን ከ500 ገጽ በላይ አለው። በአብዮቱ ዘመን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተረክ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ የፊታውራሪ መሸሻን ቁጣና የሰብለን ሐዘን ለመስማት በቃ። ይህን ሁሉ ያደረገው የአንድ ሰው ጉሮሮ ነው።

ሥራው ቀላል የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ «አለ» ሲላላ መናገር፣ ሲጠብቅ መኖር ነው። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ቢሳሳት ተመልሶ ያርማል፤ ማይክሮፎን ፊት የተቀመጠ ግን ቃሉ ከአፉ ሳይወጣ መወሰን አለበት። በዚህ ላይ መኳንንቱንም ገበሬውንም በየጠባያቸው ማናገር አለ።

በኢጣሊያ አገር ይህ ሙያ የታወቀ እንጀራ ነው። የውጭ ፊልም በኢጣሊያንኛ እየተተካ ስለሚታይ፣ ፌሩቾ አሜንዶላ የተባለው ተዋናይ ለሮበርት ደ ኒሮም፣ ለአል ፓቺኖም፣ ለደስቲን ሆፍማንም ድምፁን ሲያውስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1995 ደ ኒሮና ፓቺኖ በአንድ ፊልም ፊት ለፊት በተገናኙ ጊዜ ታዲያ አንዱን መተው ግድ ሆነና ፓቺኖን ጃንካርሎ ጃኒኒ ተናገረለት። (አቶ ወጋየሁ እንዲህ ያለ ችግር አልነበረባቸውም፤ ተጣይውንም አስታራቂውንም ራሳቸው ነበሩ።)

በእኛም አገር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቃና ቴሌቪዥን የቱርክን ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ሲያሰማን፣ ብዙ ወጣቶች በዚህ ሥራ ተሰማርተዋል። ተመልካቹ የቱርኮቹን ተዋንያን ስም በቃሉ ያውቃል፤ በአማርኛ የሚናገሩለትን ልጆች ስም ግን ስንቱ ያውቃል?

ለተማሪው የአቶ ወጋየሁን ስም ነገርነው፤ በደብተሩ ጀርባ ጻፈው። ሜክሲኮ ደርሰን ሾፌሩ ትረካውን ሊዘጋ እጁን ሲሰድ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ነገሩን ይጨርስ!» አሉት። ረዳቱ በሩን ከፍቶ ቆሞ ጠበቀን።