ገመድ አልባ ሚዲ፤ ተረቱና እውነታው

ጣት በእጅ ስልክ ወይም በታብሌት ገጽ ላይ የነካችው ኖታ ያለ አንዳች ገመድ ተሻግራ በኮምፒውተር ውስጥ የፒያኖ ወይም የማሲንቆ ድምፅ ሆና የምትሰማበት፣ ገመድ አልባ ሚዲ የተባለው ጥበብ፣ ዛሬ ከሙዚቀኛው መኝታ ክፍል እስከ ቀረጻ ስቱዲዮ ድረስ የተለመደ ሆኖ ሳለ፣ በሚታወክበት ጊዜ ስለ መታወኩ የሚሰጠው ምክንያት ግን አብዛኛው ከአፍ ወደ አፍ የተላለፈ ግምት በመሆኑ፣ ሰው ደኅናውን ራውተር ይለውጣል፣ ያልበደለውን መሣሪያ ይሸጣል፣ በመጨረሻም «ገመድ አልባው አይረባም» ብሎ ጥበቡን ራሱን ይተወዋል። እውነቱን ለመናገር ግን ጥፋቱ በብዙው ጊዜ የሚገኘው በመካከል ባለው አየር ሳይሆን በሁለቱ ዳርቻዎች፣ ይኸውም ፈቃድ በተነፈገው መተግበሪያ፣ በሩን በዘጋው ኮምፒውተርና ግንኙነቱን ቀድሞ በያዘው ሌላ መሣሪያ ዘንድ ነው።

የሌሎቹ ስሕተቶች ሁሉ እናት የሆነው እምነት «ሚዲ ድምፅ ያስተላልፋል» የሚለው ነው። ሚዲ ግን ድምፅ ተሸክሞ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በጥር 1983 በአሜሪካ አገር በተደረገው የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴዎች ትርኢት ላይ የሲኩዌንሻል ሰርኪትስ ፕሮፌት 600 ከሮላንድ ጁፒተር 6 ጋር በገመድ ተያይዞ የአንዱ ቁልፍ ሲነካ ሌላው ድምፅ በሰጠ ጊዜ፣ የሁለቱ ተፎካካሪ ኩባንያዎች መሥራቾች ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ ለዓለም ያበረከቱት ነገር «ይህን ኖታ በዚህ ኃይል ጀምር፤ አሁን አቁም» የሚል አጭር የትእዛዝ ቋንቋ ነበር፤ ስለዚህም አገልግሎታቸው ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2013 የግራሚን የቴክኒክ ሽልማት ተቀብለዋል። የዜማ ትምህርት የቀመሰ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገርለት የዜማ ምልክት፣ ከድጓው ቃል በላይ የተጻፈው ይዘትና ደረት፣ ጭረትና ርክርክ፣ የመሪጌታው አንደበት እስኪያነሣው ድረስ በብራና ላይ ያረፈ ቀለም እንደ ሆነ ሁሉ፣ የሚዲም መልእክት በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚያዜምለት መሣሪያ እስኪያገኝ ድረስ ድምፅ የለውም።

ከዚህ የሚከተለው ፍሬ ነገር ታላቅ ነው። በቀረጻው ሶፍትዌር ላይ የመልእክት መድረስን የምታሳየው ምልክት ብልጭ እያለች ድምፅ ባይሰማ፣ ግንኙነቱ ፈጽሞ አልተበላሸምና ወደ ራውተሩ መሄድ ድካም ብቻ ነው፤ መመርመር የሚገባው ትራኩ መሣሪያ የተጫነበት መሆኑን፣ ለመቀበል የተከፈተ መሆኑን፣ ደግሞም ከ16ቱ የሚዲ ቻናሎች ላኪው በአንዱ ሲልክ ተቀባዩ ሌላውን እየጠበቀ አለመሆኑን ነው። እንዲሁም «ብዙ ኖታ ስለምጫወት መስመሩ ተጨናነቀ» የሚለው ከዚሁ ስሕተት የተወለደ ነው። የጥንቱ የሚዲ ገመድ በሰከንድ የሚያሳልፈው 31,250 ቢት ብቻ ሲሆን፣ አንድ ኖታን የሚያስጀምረው ሦስት ባይት በዚያ ገመድ አንድ ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ተራ ዋይፋይ ደግሞ ከዚያ በብዙ ሺህ እጥፍ የሰፋ መንገድ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ «ኢንተርኔት ከሌለ ገመድ አልባ ሚዲ አይሠራም» የሚለውን እንመልከት፤ ይህ በተለይ መስመሩ በሚቆራረጥበት አገር ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ሥራውን እንዲያቆም ያደረገ ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥርዓቱ ታትሞ የወጣው፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ጆን ላዛሮና ጆን ዋውርዚኔክ የደከሙበት፣ ሚዲን በኔትወርክ የሚያስኬደው አርቲፒ ሚዲ፣ በማክና በአይፎን ውስጥ ከመነሻው ተሠርቶ የሚገኘው፣ በዊንዶውስም በቶቢያስ ኤሪክሰን ነፃ ፕሮግራም አማካይነት የሚጨመረው፣ መልእክቱን የሚያደርሰው በአንድ ቤት ውስጥ ካለ መሣሪያ ወደ ሌላው በመሆኑ ወደ ውጭው ዓለም መውጣት አያስፈልገውም። የኢንተርኔት ሒሳብ ማለቁ ወይም አለማለቁ ነገሩን አይለውጠውም፤ ራውተሩ በኤሌክትሪክ ከበራ፣ ወይም የእጅ ስልክ ሆትስፖት ከተከፈተ በቂ ነው።

የዚሁ ተረት ሌላው ገጽ ግን የበለጠ ሰውን ያሳስታል፤ ይኸውም «ሁለቱም ኢንተርኔት ያገኛሉና ግንኙነታቸው ደኅና ነው» የሚለው ነው። የሆቴል፣ የዩኒቨርሲቲና ለጉባኤ የሚከራይ አዳራሽ ዋይፋይ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው እያንዳንዱ እንግዳ ወደ ኢንተርኔት እንዲወጣ፣ እርስ በርሱ ግን እንዳይተያይ ተደርጎ ነው፤ የቤት ራውተርም «የእንግዳ» ተብሎ የተለየው መስመሩ ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ያደርጋል። ለጸጥታ የተገባ ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን ታብሌትና ኮምፒውተር ጎን ለጎን ተቀምጠው ሁለቱም ቪዲዮ እያሳዩ አንዱ ሌላውን እንዳያገኘው ያደርጋል። በባዕድ አገር በተከራዩት አዳራሽ መዝሙር የሚያገለግሉ ወገኖቻችን ይህን ችግር ሳያውቁት አይቀሩም፤ መድኃኒቱም የአዳራሹን ዋይፋይ መተውና የራስን ትንሽ ራውተር ወይም ሆትስፖት መክፈት ነው። ይህ ፈተና ራሱ ታላቅ መመርመሪያ ስለ ሆነ በቤትም ሊዘነጋ አይገባም፤ በሆትስፖት የሠራ፣ በራውተሩ ግን ያልሠራ ግንኙነት ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከራውተሩ አደረጃጀት መሆኑን ያመለክታል።

በሁለቱም ካልሠራ ዓይን ወደ ኮምፒውተሩ ይመለስ። መሣሪያዎቹ ስማቸውን አውጀው የሚተዋወቁት ቦንዡር በተባለው አገልግሎት በ5353 በር (ፖርት) በኩል ሲሆን፣ ከተዋወቁ በኋላ አርቲፒ ሚዲ በተለምዶ የሚነጋገረው በ5004 እና በ5005 በሮች ነው። ዊንዶውስ አዲስ የተገናኘበትን ዋይፋይ «የሕዝብ» ብሎ በሚመድብበት ጊዜ ፋየርዎሉ እነዚህን በሮች ይዘጋቸዋል፤ የቤት መስመር ከሆነ «የግል» ተብሎ ሲለወጥና ለፕሮግራሙ ፈቃድ ሲሰጠው ይከፈታሉ። ፋየርዎሉን ፈጽሞ ማጥፋት ግን ብዙዎች የሚመክሩት ቢሆንም እኔ አልደግፈውም፤ ለጥቂት በሮች ሲባል ቤቱን ሁሉ ክፍት መተው አይገባምና። ቪፒኤን የተከፈተበት ኮምፒውተርም ጎረቤቱን ላያይ ስለሚችል ለጊዜው መዝጋት ይገባል።

ስለ ፈቃድ የሚነገረው ተረት አጭር ነው፤ «መተግበሪያው ተጭኗልና ሁሉ ነገር ተፈቅዶለታል» ይላሉ። ከአይኦኤስ 14 ወዲህ፣ ይህም እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ማለት ነው፣ አይፎንና አይፓድ እያንዳንዱ መተግበሪያ በአካባቢው ኔትወርክ ያሉትን መሣሪያዎች ለመፈለግ የባለቤቱን ፈቃድ እንዲጠይቅ ያስገድዳሉ፤ ባለቤቱ ጥያቄውን በችኮላ «አይፈቀድም» ብሎ ካለፈው፣ መተግበሪያው ሁለተኛ ሳይጠይቅ ዝም ብሎ ባዶ ዝርዝር ሲያሳይ ይኖራል። በአንድሮይድ ደግሞ ከ6 እስከ 11 ባሉት ዕትሞች ብሉቱዝ ለመፈለግ የቦታ ፈቃድ፣ ከ12 ወዲህ «በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች» የተባለው ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለቱም በሴቲንግ ውስጥ በመተግበሪያው ስም ሥር ይገኛሉ።

ወደ ብሉቱዝ ስንመጣ ሰፊው ስሕተት ሚዲን እንደ ጆሮ ማዳመጫ መቍጠር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 ያስጀመረው፣ የሚዲ ማኅበርም በ2015 የጋራ ሥርዓት ያደረገው የብሉቱዝ ሚዲ ኃይል ቆጣቢ በሆነው የብሉቱዝ ዓይነት የሚሄድ በመሆኑ፣ በአይፎንና በአይፓድ ግንኙነቱ የሚፈጸመው በአጠቃላዩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን በሙዚቃው መተግበሪያ ውስጥ፣ በማክም ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ነው። በዊንዶውስ ግን ማጣመሩ የሚጀመረው ከሴቲንጉ ነው፤ ሆኖም ተጣምሮ ሳለ ብዙ የቀረጻ ሶፍትዌሮች በቀድሞው የሚዲ መንገድ የተሠሩ ስለ ነበሩ አዲሱን ብሉቱዝ ሚዲ ሳያዩት ቆይተዋል፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱን የሚያገናኝ ድልድይ ፕሮግራም፣ ለምሳሌ ሚዲቤሪን ከሉፕሚዲ ጋር፣ መጫን ግድ ይሆናል። ከሁሉም የሚበዛው ግን ሌላ ነው፤ የብሉቱዝ ሚዲ ኪቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ስለሚገናኝ፣ ትናንት የተገናኘው ታብሌት በቦርሳ ውስጥ እንደ በራ ካለ፣ ዛሬ ኮምፒውተሩ ቢፈልገው አያገኘውም። «ኪቦርዱ ተበላሸ» ከማለት በፊት የቀድሞውን መሣሪያ ብሉቱዝ ማጥፋት ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር፣ ወደ መዘግየት እንድረስ። «ገመድ አልባ ሚዲ ይዘገያል» የሚለው ቃል ከእውነት የራቀ ባይሆንም፣ መጠኑ ሳይመዘን ስለሚነገር ሌላ በደለኛ ይሸሽግበታል። ኃይል ቆጣቢው ብሉቱዝ የሚገናኝበት የጊዜ ርቀት በተለመዱት መሣሪያዎች ከ7.5 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም፤ በአፕል መሣሪያዎች ዘንድ 11.25 ወይም 15 ሚሊሰከንድ የተለመደ ነው። ድምፅ በአየር አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት፣ ከድምፅ ማጉያው አራት ሜትር ርቆ የሚጫወት ሙዚቀኛ 12 ሚሊሰከንድ ያህል መዘግየትን ሳያማርር ይኖራል። እንግዲህ ጆሮን የሚያስቸግረው ረጅም መዘግየት ከወዴት ይመጣል? መጀመሪያ ከብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫ ይመጣል፤ እርሱ ድምፁን ጨምቆ አከማችቶ ስለሚልክ በአብዛኛው ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ፣ ብዙ ጊዜም እስከ 200 ይዘገያል፤ በእርሱ እየሰሙ መጫወትም እጅግ ያስቸግራል። ቀጥሎ ድምፁ ከመውጣቱ በፊት ከሚከማችበት ከኮምፒውተሩ ባፈር ይመጣል፤ በሰከንድ በ44,100 ናሙና ሲሠራ 1,024 የሆነ ባፈር ብቻውን 23 ሚሊሰከንድ ሲጨምር፣ 256 የሆነው 6 ገደማ ብቻ ይጨምራል። ጥፋተኛውን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ፈተና ነው፤ ይኸውም ያንኑ ድምፅ በገመድ በተያያዘ ኪቦርድ ወይም በኮምፒውተሩ በራሱ ቁልፎች መጫወት ነው። አሁንም ከዘገየ ገመድ አልባው ከክሱ ነፃ ነው።

ገመድ አልባው በእውነት የሚወቀስበት ነገር ቢኖር መዛነፉ፣ ማለት አንዱ ኖታ ቶሎ ሌላው ዘግይቶ መድረሱ ነው፤ ጆሮ እኩል የሆነ ትንሽ መዘግየትን ይለምዳል፣ ሚዛኑን ያልጠበቀውን ግን አይለምድም። የዚህም ምክንያት አንዱ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባ ነው፤ ስልኩ ባትሪውን ለማዳን በየ100 ሚሊሰከንድ ገደማ የሚመጣውን የራውተሩን ጥሪ እየጠበቀ በመካከሉ ያሸልባል፣ ወደ እርሱ የሚላኩት መልእክቶችም ተከማችተው በአንድነት ይደርሳሉ። ሁለተኛው የ2.4 ጊጋኸርዝ መጨናነቅ ነው፤ በዚያ ጠባብ መንገድ የጎረቤቶች ዋይፋይ፣ ብሉቱዝና የማይክሮዌቭ ምድጃ ሁሉ ይጋፉበታል። ስለዚህ የባትሪ ቁጠባውን ማጥፋት፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ መሻገር፣ ከሁሉም በላይ ኮምፒውተሩን ከራውተሩ ጋር በገመድ አያይዞ ስልኩን ብቻ በአየር መተው ታላቅ ለውጥ ያመጣል። ይህ ጉዳይ ለእኛ ዜማ የበለጠ ይገደናል፤ በትዝታና በአንቺሆዬ ድምፅን የሚያንሸራትተው፣ በሚዲ እስከ 16,384 ደረጃ የሚከፈለው የድምፅ ማጠፊያ መልእክት በተከታታይ ካልደረሰ፣ የማሲንቆው ለስላሳ ጉዞ ወደ ደረጃ መውጫነት ይለወጣልና ከፒያኖ ተጫዋች ይልቅ የእኛ ሰው መዛነፉን ሊጠነቀቀው ይገባል።

ኖታ ሳይቆም ተንጠልጥሎ ሲጮኽ «ሶፍትዌሩ ታመመ» ይባላል፤ የሆነው ግን «ጀምር» የሚለው ደርሶ «አቁም» የሚለው መጥፋቱ ነው። አርቲፒ ሚዲ በእያንዳንዱ መልእክት ውስጥ ያለፈውን የሚያስታውስ መዝገብ አብሮ ስለሚልክ ለአንድ መልእክት መጥፋት በራሱ ይታረማል። ስለዚህ ነገሩ ከተደጋገመ የሚጠረጠረው የስልኩ ገጽ እየተቆለፈ ወይም ሌላ መተግበሪያ እየተከፈተ የሙዚቃው መተግበሪያ መተኛቱ ነው፤ የተንጠለጠለውንም በ123ኛው የመቆጣጠሪያ ትእዛዝ፣ ብዙ ሶፍትዌሮች «ፓኒክ» በሚሉት ቁልፍ፣ ማስቆም ይቻላል። አንዱ ኖታ ሁለት ጊዜ ሲሰማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስልኩ በብሉቱዝና በዋይፋይ በአንድነት እየላከ ነውና አንዱን መንገድ መዝጋት ይበቃል።

በመጨረሻ «ዘመናዊ ሰው ገመድ አይዝም» ለሚሉት የምመልሰው ይህን ነው፦ ለልምምድና ለድርሰት ገመድ አልባው ይበቃል፤ ሠርግ፣ የመድረክ ትርኢት ወይም የበዓል አገልግሎት ግን ተመልሶ አይደገምምና በዚያ ቀን የዩኤስቢ ገመድ ከቦርሳዎ አይለይ። አንድሮይድ ከ6.0 ዕትም ወዲህ በዩኤስቢ ሲያያዝ «ሚዲ» የሚለውን ምርጫ ያቀርባል፣ አይፓድም ከማክ ጋር በገመድ ተያይዞ በኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ ውስጥ ሲፈቀድለት እንዲሁ መልእክቱን ያደርሳል፤ ሁለቱንም ከቀኑ በፊት በቤትዎ ይሞክሯቸው።