በረዥም የባሕር ጉዞ ላይ የነበሩ ሰዎች ስለ ራሳቸው የተዉት ጽሑፍና አነባበቡ

ከጥንት ጀምሮ ባሕር ተሻግረው ወደ ሩቅ አገር የሄዱ ሰዎች፣ ነጋዴም ሆኑ መነኵሴ፣ ስደተኛም ሆኑ ምርኮኛ፣ በመርከብ ላይ ያዩትንና የደረሰባቸውን በጽሑፍ ትተዋል። የታሪክና የመልክዐ ምድር ሊቃውንት እነዚህን ጽሑፎች ሲመረምሯቸው የቈዩት ተጓዡ ስለ ደረሰበት አገር ለሚሰጡት ወሬ ነው። ስለ ባሕሩ የሚናገረው ክፍል እንደ መግቢያ ተቈጥሮ ብዙ ጊዜ በችኰላ ታልፏል። የሕዝቦችን ልማድ ለሚያጠና ሰው ግን ይኸው የታለፈው ክፍል ትልቅ ጥቅም አለው። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ መርከብ ለብዙ ወራት ተዘግተው ሲኖሩ፣ ምግብና ውሃ የሚካፈሉበት ሥርዐት፣ ሙታናቸውን የሚሸኙበት ደንብ፣ አዲሱን ከነባሩ የሚለዩበት ልማድ ያበጃሉ ወይም ከመርከበኞቹ ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ማስረጃው የአንድ ሰው ቃል ስለ ሆነ፣ ያ ሰው በመርከቡ ውስጥ በየትኛው ስፍራ እንደ ተኛ፣ ከጉዞው በኋላ ስንት ዘመን ቈይቶ እንደ ጻፈ፣ ለማንስ ብሎ እንደ ጻፈ ሳይጠይቁ መቀበል አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከቀደሙት ምስክሮች አንዱ ቻይናዊው የቡድሃ መነኵሴ ፋሺየን ነው። በ399 ከቻይና ተነሥቶ በየብስ ወደ ሕንድ ከሄደ በኋላ፣ ከሴሎን (ከዛሬዋ ስሪ ላንካ) ወደ አገሩ የተመለሰው በነጋዴዎች መርከብ ነበር። ከ200 በላይ ሰዎች የተሳፈሩበትን ይህን መርከብ ማዕበል መታውና ውሃ ያስገባ ጀመር። ሰዎቹ ከኋላ ወደሚጐተተው ትንሽ ጀልባ ለመግባት ሲሽቀዳደሙ፣ በጀልባው ያሉት እንዳይበዙባቸው ፈርተው ገመዱን ቈረጡት። ዕቃ ወደ ባሕር በተጣለ ጊዜ ፋሺየን የውሃ ማሰሮውንና መታጠቢያውን ጣለ፤ ይዟቸው የመጣውን መጻሕፍት ግን እንዳይጥሉበት ይጸልይ ነበር። በኋላ በተሳፈረበት በሁለተኛው መርከብ ላይ ሌላ ማዕበል ሲነሣ፣ አብረውት የነበሩ ብራህማኖች መከራው የመጣብን በዚህ መነኵሴ ምክንያት ነውና በአንዲት ደሴት ዳር እናውርደው ብለው ተማከሩ። የነቢዩ ዮናስን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። የሚለየው፣ መነኵሴውን ያዳነው የአንድ ወዳጁ ድፍረት መሆኑ ነው፤ ይህ ሰው እርሱን የምታወርዱ ከሆነ እኔንም አውርዱኝ፣ አለዚያ ቻይና ስንደርስ ለንጉሡ እነግርባችኋለሁ አላቸው። የሚጠጣ ውሃ ከማለቁ የተነሣ ምግባቸውን በባሕር ውሃ እስኪያበስሉ ድረስ ከተቸገሩ በኋላ በ412 በሻንዱንግ ጠረፍ ወረዱ፤ የደረሱት በቻይና መሆኑን ያወቁትም በዳርቻው የበቀለውን ቅጠላ ቅጠል አይተው ነው። በጭንቅ ጊዜ የመርከብ ማኅበር እንግዳ የሆነውን ሰው ለይቶ ጥፋቱን በእርሱ ላይ እንደሚጭን ከዚህ የጠራ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

ከፋሺየን ብዙ ዘመን በኋላ የተጻፈው የፈረንሳዊው የዣን ደ ሌሪ መጽሐፍ ለኢትኖሎጂ ሰዎች ይበልጥ የታወቀ ነው። ክሎድ ሌቪ ስትሮስ በ1955 ባሳተመው መጽሐፍ የሌሪን ሥራ ለኢትኖሎጂ ተመራማሪ እንደ ዘወትር ጸሎት መጽሐፍ የሚሆን ነው ብሎ አመስግኖታል። ይህም ምስጋና የተሰጠው ሌሪ ስለ ብራዚል ቱፒናምባ ሕዝብ ስለ ጻፈው ነው፤ እኛ ግን የምንመለከተው የመርከቡን ነገር ነው። ሌሪ በ1556 መጨረሻ ከኖርማንዲ ተነሥቶ በ1557 ብራዚል ሲደርስ የምድር ወገብን ተሻግሯል። በዚያ ጊዜ መርከበኞቹ ያን መሥመር አልፎ የማያውቀውን ሰው በገመድ አስረው ወደ ባሕር ይነክሩት ወይም ከድስት ቂጥ በተጠረገ ጥላሸት ፊቱን ያጠቍሩት ነበር። ሌሪ ለወይን ጠጅ የሚሆን ገንዘብ ከፍሎ ከዚህ እንደ ዳነ ራሱ ይናገራል። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ወደ አውስትራልያ በሚሄዱት መርከቦች ላይ ይኸው ልማድ ሰፍቶ ይገኛል። አንድ መርከበኛ የባሕር አምላክ ኔፕቱን ነኝ ብሎ ለብሶ ይወጣል፤ አዲሱን ሰው ቅጥራን ቀብተው በብረት ቍራጭ ይላጩታል፣ ከዚያም ውሃ ውስጥ ይደፍቁታል። በመጠጥ ገንዘብ መዳንም አልቀረም። ከአንዱ ማዕርግ ወደ ሌላው መሻገርን በመከራና በመታጠብ የሚፈጽሙ ሕዝቦችን የሚያጠና ተማሪ፣ አባልነቱ በየጉዞው የሚለዋወጥ ማኅበር አንድን ሥርዐት ይህን ያህል ዘመን እንዴት ጠብቆ እንዳቈየው ሊጠይቅ ይገባዋል። መልሱ ተሳፋሪዎቹ ያልፋሉ እንጂ መርከበኞቹ አያልፉም የሚል ይመስለናል።

የሌሪ የመልስ ጉዞ ግን የረኃብ ታሪክ ነው። መርከቡ በጥር 1558 ከብራዚል ተነሥቶ በግንቦት ብሪታኒ ሲደርስ ስንቁ ካለቀ ቈይቶ ነበር። ከብስኩቱ ጐተራ ወለል በትልና በአይጥ ኵስ የተቀላቀለውን ፍርፋሪ ጠርገው ገንፎ ሠሩ፤ ከዚያ ያመጧቸውን በቀቀኖችና ጦጣዎች በሉ፤ ቀጥሎም የቈዳ ጋሻና ጫማ፣ በመጨረሻም አይጥ። ሌሪ መልካም አድርጋ የምትናገር አንዲት ትልቅ በቀቀን ለአድሚራል ኮሊኚ ስጦታ ብሎ ሸሽጎ ነበርና እርስዋን ያረዳት ከሁሉ በኋላ ነው። ጥቂት ቀናት ቈይተው የብሱን ሲያዩ ስለ እርስዋ እጅግ ተጸጸተ። እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር ሰው የሚፈጥረው አይመስልም። ሆኖም መጽሐፉ የታተመው በ1578፣ ማለት ከጉዞው 20 ዓመት በኋላ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። በመካከሉ ሌሪ በ1573 በሳንሴር ከተማ ከበባ ውስጥ ሌላ ጽኑ ረኃብ አይቶ፣ ስለዚያም በ1574 መጽሐፍ አውጥቷል። ስለዚህ የባሕሩን ረኃብ የምናነበው የከተማውን ረኃብ ቀድሞ ከጻፈ እጅ ነው።

ጐትሊብ ሚተልበርገር ደግሞ የጻፈበትን ምክንያት አልሸሸገም። ይህ የጀርመን አገር መምህርና የኦርጋን ተጫዋች በ1750 አንድ ኦርጋን አጅቦ ወደ ፊላዴልፊያ ሄደ፤ በ1754 ተመልሶ በ1756 መጽሐፉን ያሳተመው የአገሩ ሰዎች ወደ ፔንሲልቫንያ እንዳይፈልሱ ለማስጠንቀቅ ነው። በእርሱ መርከብ 32 ሕፃናት ሞተው ወደ ባሕር እንደ ተጣሉ ይነግረናል። አጥብቆ ሊያስፈራ የሚሻ ጸሐፊ ስለ ሆነ ስለ ሽታውና ስለ ቅማሉ የሚለውን ሁሉ በልክ መቀበል ይሻላል። ነገር ግን የሚገልጠው ደንብ በሌላም ማስረጃ የታወቀ ነው፤ ይኸውም የመርከብ ዋጋውን መክፈል ያልቻለ ሰው እዚያ ሲደርስ ለተወሰነ ዓመት በአገልጋይነት ይሸጣል። ከመንገዱ እኵሌታ ካለፉ በኋላ ባል ወይም ሚስት ቢሞት የቀረው የሁለቱንም ዕዳ በጕልበቱ ይከፍላል። ባሕሩ አጋማሽ ላይ የሚሳል የማይታይ ድንበር የአንዲትን መበለት የባርነት ዘመን በእጥፍ ያረዝመው ነበር ማለት ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ከብሪታንያ ወደ አውስትራልያና ወደ ኒው ዚላንድ የፈለሱ ሰዎች የተዉት ጽሑፍ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ የተጻፈው በየዕለቱ ነውና። የሸራ መርከቡ ጉዞ ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅ ነበር። ከዚያ በፊት የዕለት ማስታወሻ ጽፎ የማያውቅ ሰው በተሳፈረበት ቀን ይጀምራል፤ የብሱን በረገጠበት ቀን ያቆማል። ለብዙዎቹ ማስታወሻው ለቤተ ሰብ የሚላክ ረዥም ደብዳቤ ነበረና። መንግሥት ዋጋቸውን በሚረዳላቸው መርከቦች ያላገቡ ወንዶች ከፊት፣ ባለ ትዳሮች ከመካከል፣ ያላገቡ ሴቶች ከኋላ ይመደቡ ነበር፤ ስንቅም በየማዕዱ ተከፍሎ ይሰጥ ነበር። ከላይ በክፍል ውስጥ የሚተኛው ተሳፋሪ ስለ ዓሣ ነባሪና ስለ ፀሐይ መጥለቅ ሲጽፍ፣ ከታች ያለው ስለ ዱቄት መስፈሪያ ይጽፋል፤ ሁለቱም በአንድ ቀን በአንድ መርከብ ነው። በእኛም አገር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 በመልእክተኝነት ወደ ጃፓን ከሄዱ በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ይህም የመንግሥት መልእክተኛ መጽሐፍ መሆኑን ማስታወስ መጽሐፉን ማሳነስ አይደለም።

ከመርከቡ ሆድ ውስጥ በሰንሰለት ስለ ታሰሩት ግን ምን እናነባለን? ከአፍሪካ በአትላንቲክ ላይ በባርነት የተጫኑት ሰዎች 12.5 ሚሊዮን ያህል፣ በሕይወት የወረዱት 10.7 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን የመርከብ መዝገቦችን ያሰባሰቡ ሊቃውንት ገምተዋል። ከነዚህ ሁሉ ስለ ጉዞው በራሳቸው ቃል የተናገሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። ከጥቂቶቹ ዝነኛው በ1789 በሎንዶን የታተመው የኦላውዳ ኢክዊያኖ መጽሐፍ ነው። ነጮቹ ሊበሉን ነው ብሎ መፍራቱን፣ አልበላም ስላለ መገረፉን፣ በአንድ ሰንሰለት የተሳሰሩ ሁለት ሰዎች ወደ ባሕር መዝለላቸውን ይተርካል። መርከበኞቹ ያጠመዱትን ዓሣ ጠግበው የተረፈውን ለተራቡት ከመስጠት ይልቅ መልሰው እንደ ጣሉትም ጽፏል። በ1999 ቪንሰንት ካሬታ የተባለው ሊቅ የኢክዊያኖን የ1759 የጥምቀት መዝገብና የ1773 የባሕር ኀይል መዝገብ አውጥቶ፣ ሁለቱም የተወለደው በካሮላይና እንደ ሆነ የሚናገሩ መሆናቸውን አሳየ። ይህ ከሆነ ሰውዬው በዚያ መርከብ አልነበረም ማለት ነው። ፖል ላቭጆይና ሌሎችም በአፍሪካ መወለዱን ደግፈው ተከራክረዋል። በእኛ አስተያየት በልጅነቱ ሲጠመቅ የትውልድ አገሩን በመዝገብ ያሰፈረው ሌላ ሰው መሆኑ ሊመዘን ይገባዋል፤ የባሕር ኀይሉ መዝገብ ግን ዐዋቂ ሆኖ ሳለ የተጻፈ ስለ ሆነ እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። የካሬታ አሳብ ቢጸና እንኳ መጽሐፉ ከምስክርነት አይወጣም። የአንድ ሰው ትዝታ መሆኑ ቀርቶ ከተሻገሩት ከብዙዎች አፍ የተሰበሰበ ቃል ይሆናል፤ እንደዚያም ተደርጎ ሊነበብ ይገባል።

ለእኛ ይበልጥ ቅርብ የሆነው ምስክር ከቀይ ባሕር አካባቢ የተገኘው ነው። በሴፕቴምበር 1888 ኦስፕሬይ የተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ዳው የሚባሉ የሸራ ጀልባዎችን ይዞ፣ ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ የሚወሰዱ ከ200 በላይ ሰዎችን አስጣለ። ከነሱ አብዛኞቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። በዔደን አጠገብ በስኮትላንድ ሚስዮን ከቈዩ በኋላ 64ቱ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባለው ትምህርት ቤት ተወሰዱ። የእያንዳንዳቸውም ታሪክ ተጠይቆ ተጻፈ፤ ሳንድራ ሼል በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ በስፋት መርምራዋለች። የእነዚህ ትረካዎች ጠባይ ከላይ ካየናቸው ሁሉ የተለየ ነው። ልጆቹ ገና ትናንት የደረሰባቸውን ነው የሚናገሩት፤ ነገር ግን የጻፈው የሌላ ሰው እጅ ነው፣ የሚናገሩትንም የሚወስነው የተጠየቁት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ስለ አባትና እናታቸው፣ ስለ ከብታቸው፣ ስለ ተያዙበት ሁኔታና ከእጅ ወደ እጅ ስለ መሸጣቸው ይናገራሉ፤ አብዛኛውን ስፍራ የያዘው እስከ ባሕሩ ያለው የየብስ መንገድ ነው፤ ባሕሩ ራሱ በጥቂት ቃል ይታለፋል። ከነዚህ ልጆች ከፊሎቹ በ1909 ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ።