ሦስቱ አረንጓዴ መብራቶች

ትንሽ የግል አውሮፕላን ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ ሲያርፍ «ላንዲንግ ጊሩ እምቢ አለ» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጎማው ደህና ነበር፤ ማንሻውን የነካው ሰው ነው የጠፋው።

እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረበው ሴስና 172 ይህ ጣጣ የለበትም፤ እግሩ እንደተዘረጋ ነው የሚበረው። ያልታጠፈ እግር መዘርጋቱ አይረሳም። የእሱ ችግር በአፍንጫው ቀድሞ መሬት የሚመታ ተማሪ የፊት እግሩን ማጉበጡ ነው። ፍጥነት የፈለገ ግን ጎማውን መሰብሰብ አለበት፤ የተንጠለጠለ እግር አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። ፓይፐር አሮው ጎማውን የሚሰበስበው በሃይድሮሊክ ነው። ወደ ላይ የሚይዘው የዘይቱ ግፊት ስለሆነ፣ ዘይቱ ቢፈስ ጎማው በራሱ ክብደት ይወርዳል፤ ብልህ አሠራር ነው። ቢችክራፍት ቦናንዛ የሚጠቀመው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ሞተሩ ከተቃጠለ አብራሪው ከፊት ወንበሮች ጀርባ ያለውን እጀታ 50 ዙር ያህል ማሽከርከር ግድ ይለዋል። ብቻውን ለሆነ፣ ያውም ደመና ውስጥ፣ ቀላል ሥራ አይደለም።

ዘንጊነቱን ግን ሁሉ በአብራሪው ላይ መጫን አይገባም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቢ-17 ቦምብ ጣይ አብራሪዎች ካረፉ በኋላ ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ የሚዘረጋውን ክፍል) እናጥፋለን ብለው ጎማውን ያጥፉ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲመረምር ሁለቱ ማንሻዎች ጎን ለጎን፣ ቅርጻቸውም አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘው። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው የክንፍ ቅርጽ እንዲደረግ ሐሳብ አቀረበ። ጣት ሳያይ የሚያውቀው ምልክት! ነገሩ ቆይቶ የአሜሪካ አቪዬሽን ደንብ ውስጥ ገባ። ያም ሆኖ በ1980 የአገሪቱ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በቦናንዛና በሌላው ቢችክራፍት፣ በባሮን፣ ላይ ተመሳሳዩን ስህተት አጥንቶ ጥፋቱ ከአሠራሩም እንደሚመነጭ ጽፏል፤ የጎማውና የፍላፑ ማብሪያዎች ቦታ ከሌሎች አውሮፕላኖች የተገላቢጦሽ ነበር።

ጎማው መቆለፉን የሚናገሩት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ናቸው። አንዱ ካልበራ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አምፖሉ ነው፤ ነቅሎ ከጎረቤቱ ጋር መለዋወጥ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ትንሽ አውሮፕላን ባይሆንም የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ነገር እዚህ ሳይነሳ አይታለፍም፦ በታኅሣሥ 1972 ሠራተኞቹ የተቃጠለ አምፖል ላይ ሲያፈጡ አውሮፕላኑ ቀስ እያለ ወርዶ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ገባ። 101 ሰው ሞተ። ጎማው ተዘርግቶ ነበር።

በእርግጥ እምቢ ሲልስ? በግንቦት 2024 በአውስትራሊያ ኒውካስል የአንድ ባለ ሁለት ሞተር ቢችክራፍት አብራሪ ለሦስት ሰዓት ያህል እየዞረ ነዳጁን ካቃጠለ በኋላ በሆዱ አሳረፈው፤ እሱን ጨምሮ ሦስቱም ሰዎች በእግራቸው ወጡ። እንዲህ ያለ ማረፊያ ሰው የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው። ከሣር ይልቅ አስፋልት ይመረጣል፤ አስፋልት ላይ ሆዱ ይንሸራተታል፣ ለስላሳ መሬት ግን ይይዘዋል። በሩ እንዳይጣመምና እንዳይዘጋ ቀድሞ ይከፈታል።

ከባዱ ኪሳራ ሞተሩ ላይ ነው፤ ፕሮፔለሩ እየዞረ መሬት ከነካ ሞተሩ ተፈትቶ መመርመር አለበት፤ አሮጌ አውሮፕላን ከሆነ ወጪው ከራሱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይህን ፈርቶ አየር ላይ ሞተሩን የሚያጠፋ አብራሪ አይጠፋም። መንደርደሪያው ጋ ሳይደርስ ቢቀር ግን መልሶ የሚያነሳው ጉልበት የለውም።